ወደ ጥቅምት የተዛወረው ሚያዝያ ሃያ ሰባት

በእኛ ጊዜ የሕዝብ በዓል ማለት መቆም ነበር፣ ልጆቼ። ዩኒፎርማችን ታጥቦ ተተኩሶ፣ በመስመር ያሰልፉንና ፀሐይ ላይ መቆም ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ እንደገና እንቆማለን፣ አንዷ ራሷን ስታ ትወድቃለች፣ ውሃ ይረጩባታል፣ እኛ ቆመናል። ታዲያ መምህራችን አለንጋውን ከጀርባው ይዞ ይመጣና «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይለናል። «ሚያዝያ ሃያ ሰባት!» እንላለን ባንድ ድምፅ። «ጎበዞች» ይላል፣ ይሄዳል። በቃ። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ምኑ ነው? ሃያ ስድስትንስ ለምን አላቆሙንም? ብሎ የጠየቀ የለም፤ ማን ደፍሮ።

እና እናንተ ቅድም ምን አላችሁኝ? «እማማ ብርቄ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የአርበኞችን ቀን ስናስተምራቸው ልጆቹ ያንቀላፋሉ» አላችሁኝ። ፊልም አሳየናቸው፣ ሶዳ ሰጠናቸው፣ ሶዳውን ጠጥተው ተኙ አላችሁኝ። ታዲያ ምን ይገርማል? እኛም ተኝተናል እኮ፤ ልዩነቱ እኛ ቆመን ነው የተኛነው። እኔ በዓሉን የተማርኩት ሰልፍ ላይ አይደለም፤ ከእናቴ ቆሎ ነው።

ቆሎ ስላችሁ አትሳቁ። ሳቅሽ አይደል ትዕግስት? አየሁሽ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ የፍቼ ልጅ ናት። በጣሊያን ጊዜ የውስጥ አርበኛ ነበረች። የውስጥ አርበኛ ማለት ጫካ አይገባም፤ ጠላት መሐል እየኖረ ጫካ ላሉት ወሬ ያቀብላል፣ ስንቅ ያቀብላል፣ ጥይት ያቀብላል። ፎቶ የለውም፣ ጎፈሬ የለውም፣ ማንም አያውቀውም። እናቴ ታዲያ አቁማዳ ነበራት። ከታች ጥይት፣ ከላይ የገብስ ቆሎ። ኬላው ላይ የሚቆመው ለጣሊያን ያደረ የራሳችን ሰው ነው፤ «ምን ይዘሻል?» ይላታል። «ቆሎ ነው ወንድሜ፣ ዝገን» ትለዋለች። እሱም እጁን ሰዶ ይዘግናል። አስቡት እስቲ፤ ያ እጅ ትንሽ ወረድ ቢል አለቀላት። እሷ ግን ፈገግ ብላ «ጨምር እንጂ፣ እፍኝ ምን ይሆንሃል» ትለዋለች። ይቺን ሴት ነው እንግዲህ ማንም በሰልፍ ያላሰለፋት።

ታናሽ ወንድሟ ደስታ ደግሞ ጫካ ነበር። ጢም ያላወጣ ልጅ። ጥይቱን የምትወስደው ለእነሱ ጓድ ነው፤ እህት ታመላልሳለች፣ ወንድም ይተኩሳል። ኋላ ጣሊያን ተሸንፎ ንጉሡ ሲገቡ፣ ያ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው፣ አርበኛው ሁሉ ተግተልትሎ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። እናቴም ተከትላ ወረደች። ነጠላዋን አጥባ፣ አዲስ ቆሎ ቆልታ፣ እንጦጦ ቁልቁለቱ ላይ፣ መንገድ ዳር ቆመች። ደስታ ሲያልፍ ልታዘግነው። አንዱ ጓድ አለፈ፣ ሌላው አለፈ፣ ሰው እልል ይላል፣ እሷ እልል አትልም፣ ፊት ታያለች። «ደስታን አያችሁት?» ትላለች፣ «ከኋላ ነው» ይሏታል። ከኋላም ያልፋሉ፣ «ከኋላ ነው» ይሏታል። ማንም አፍ አውጥቶ መናገር አልፈለገማ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ አርበኛ መጣና ጠመንጃውን መሬት አስደግፎ «አስካለ፣ አትቁሚ» አላት። በቃ ገባት።

ታዲያ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ያን ቆሎ ለሚያልፉት የሰው ልጆች አዘገነች። አንድ በአንድ። «ዝገን፣ የደስታ ነው። ዝገን፣ የደስታ ነው።» አቁማዳው ባዶ እስኪሆን።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን ሚያዝያ ሃያ ሰባት ሲመጣ፣ እስከ ቀትር ድረስ ከቆሎ በቀር ምንም አይበላም። ዳቦው ተደፍቷል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ ይሸተናል፣ አይነካም። እናቴ አቁማዳውን ታመጣና «ዝገኑ» ትላለች። አንድ እፍኝ ትዘግናለህ፣ ያልተመለሰ ሰው ስም ትጠራለህ፣ ከዚያ ትበላለህ። ስም ያልጠራ አይበላም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ስም አደለችን፤ ለእኔ የደረሰኝ ደስታ ነበር። «ያንቺ ደስታ ነው፤ አንቺ ካልጠራሽው የሚጠራው የለም» አለችኝ። እኔ ያኔ የወለቀው የፊት ጥርሴ እንኳ ገና አልበቀለም። ደረቴን ነፍቼ ዞርኩ፣ ሹመት የተሰጠኝ ነው የመሰለኝ። ሹመትም ነበር።

ደርግ መጣና በዓሉን አዛወረው። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ንጉሥ የገባበት ነው፣ የንጉሥ ነገር አልፈልግም፣ ጠላት አዲስ አበባን የለቀቀው መጋቢት ሃያ ስምንት ነው፣ በዚያ ይከበር አለ። መቼም መንግሥት አይደል፣ ያዛውራል። መጋቢት ላይ ተሰለፍን፣ እናቴ ከቤት አልወጣችም። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ጠዋት ግን አቁማዳዋን አወጣች። የቀበሌው ሰው በበራፍ ሲያልፍ አየንና ገባ።

«እማማ አስካለ፣ በዓሉ እኮ መጋቢት ላይ ተከብሮ አለፈ» አላት፣ ቆምጨጭ ብሎ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ተሰብስባችሁ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ቆሎ እየበላን ነው። ቆሎም ተዛወረ እንዴ?»

ሰውዬው አቁማዳውን አየ። እሷ ደግሞ አትምርም፣ «ዝገን» አለችው። ዘገነ። «ስም ጥራ» አለችው። ጎንበስ ብሎ የአባቱን ስም ጠርቶ ወጣ። ኋላ እኔ «እማዬ፣ ለምን ትከራከሪያለሽ፣ ቀን ቀን ነው» ስላት፣ «ንጉሥ ይግባ አይግባ እኔ ምን ቸገረኝ፤ ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እግሬ ነው ቀኑን የሚያውቀው» አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት ናት እኔን የወለደችኝ። ብኮራ አይገባኝም?

እና ወደዚህ ልምጣላችሁ፣ ወደ ናይሮቢ። ካሳራኒ ከልጄ ከሰብለ ጋር እንደምኖር ታውቃላችሁ። ሰብለ ዌስትላንድስ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች፤ በማታቱ፣ እኛ ታክሲ በምንለው ሚኒባስ፣ ወጥታ በማታቱ ትመለሳለች፣ መንገዱ ጃም ካለ ልጇን ተኝታ ነው የምታገኛት። ልጅቷን ሊድያን የማሳድገው እኔ ነኝ። ሊድያ እኔን «ሾሾ» ነው የምትለኝ፣ አያት ማለት ነው በዚህ አገር አፍ። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን ሌላ ስም ብትጠራኝ አልሰማትም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ በመስከረም መጨረሻ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወረወረችና «ሾሾ፣ የሚመጣው ሳምንት ፍራይዴይ አሞኛል» አለችኝ። ቀኑ ሰኞ ነው እኮ። «የዓርቡ ሕመም ዛሬ ነው የሚነገረው?» አልኳት። ነገሩ በልምምጥ ወጣ። ኬንያዎች በጥቅምት ማሹጃ ዴይ የሚሉት በዓል አላቸው፤ ሹጃ ማለት ጀግና ነው። መምህሯ ቲቸር ዋንጂኩ ልጆቹን ሁሉ ከበዓሉ በፊት ባለው ዓርብ ከቤተሰባችሁ አንድ ሹጃ ይዛችሁ ኑ፣ ቆማችሁ ተናገሩ፣ ወላጅም ይምጣ ብላለች። ሊድያ ማንን ልናገር ብላ ስታስብ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ሜርሲ የምትባል ልጅ «እናንተ እኮ ስደተኞች ናችሁ፣ ሸሽታችሁ ነው የመጣችሁት፤ ሹጃ አይሸሽም» አለቻት። ልጅ ናት፣ በክፋት አይደለም፤ ግን ጠዘጠዛት።

«ትክክል ናት፤ ሮጠን ነው የመጣነው። እኛ ሹጃ የለንም» አለችኝ ሊድያ። ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም። አምናዋለች። እኔ ደሜ ፈላ። የአስካለ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ሹጃ የለንም አለች፣ በእኔው ጉልበት ላይ ተቀምጣ።

እና ምን አደረግሁ? እንደ መምህሬ ሆንኩ እንጂ። «ተቀመጪ» አልኩና ጀመርኩ፤ ንጉሥ እገሌ፣ ጦርነት እገሌ፣ ይህን ያህል ዘመን ነፃ የኖርን ሕዝብ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ምራቄ እስኪደርቅ። ልጅቷ ታየኛለች ብዬ ቀና ስል ጣሪያ ታያለች።

«ገባሽ?»

«ሾሾ፣ ይሄ እኮ ጎግል ላይ አለ። ይሄ ሂስትሪ ነው። ቲቸር ያለችው ፋሚሊ ነው።»

እውነቷን ነው። ለካ እኔ አቁማዳውን ሞያሌ ማዶ ትቼ አለንጋውን ብቻ ይዤ ነው የተሻገርኩት። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ሲመጣ ቆሎውን ብቻዬን እዘግናለሁ፣ ደስታን በለሆሳስ እጠራለሁ፣ ለልጅቷ አልነገርኳትም። ምን ይገባታል ብዬ። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም።

ታዲያ ቸገረኝ። ቆሎው የሚዘገነው በሚያዝያ ነው፣ አሁን ደግሞ ወሩ ሊጠባ ነው፣ ልጅቷ የምትቆመው በጥቅምት ነው። እናቴ ለደርግ ያላዛወረችውን ቀን እኔ ላዛውረው? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ጌታ ስለ ሰንበት የተናገረውን ታውቁታላችሁ መቼም፣ ለሰው ነው የተሠራው። ቀንም ለሰው ነው አልኩ። መንግሥት ካዛወረው አያት ብታዛውረው ምን አለበት? «እማዬ፣ ይቅር በይኝ፣ ለልጅሽ ነው» አልኩና አዛወርኩት።

ኢስሊ፣ ሐበሻ የሚገበያይበት ሰፈር፣ ሄጄ የአገራችንን ገብስ ፈልጌ አመጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥበሻ ላይ ቆላሁት፣ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆነ፣ የሕንፃው ጠባቂ እሳት የተነሳ መስሎት በሩን ደበደበው፤ «ፖሌ፣ ፖሌ፣ ይቅርታ፣ ቆሎ ነው» ብዬ እሱንም አዘገንኩት። አቁማዳ ከየት ይመጣል? የሊድያን የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳ አጥቤ አደረቅሁ።

ሊድያ ተነስታ «ብሬክፋስት የታለ?» አለች። «ዛሬ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው፣ እስከ ቀትር ቆሎ ነው» አልኳት። «ዛሬ እኮ ኦክቶበር ነው።» «በዚህ ቤት ሚያዝያ ነው፣ አዝዣለሁ።» ሳቀች። ሰብለም ሥራ ሳትገባ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነገርኳት፤ ስለ አቁማዳው፣ ስለ ኬላው፣ እንጦጦ ቁልቁለቱ ላይ ስለቆመችው። ጣሪያ ማየት የለም። አፏን ከፍታ ነው የሰማችኝ።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ቅድመ አያትሽም ሸሽታለች።»

«ሸሸች?»

«ሸሸች። አንድ ቀን የኬላው ሰው እጅ ወረደ። ጥይቱን ነካው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ እጁን በቆሎ ሞልቶ አወጣና፣ ቀስ ብሎ ‹ቆሎሽ ጨው በዝቶበታል፣ በዚህ መንገድ ዳግመኛ አትምጪ› አላት። ወሬው እንደሚደርስባት አወቀች፣ ያንኑ ቀን ታላቅ እህቴን አዝላ ወደ ቆላ ጠፋች። ግን ስትሸሽ አቁማዳውን አልጣለችም። ሕፃን ከኋላ፣ ጥይት ከጎን። ጓዶቹ ጋ አደረሰችው። የሚሸሽ ሁሉ አንድ አይደለም ልጄ። ጥሎ የሚሸሽ አለ፣ ይዞ የሚሸሽ አለ።»

ሊድያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «ማሚ፣ እኛስ?»

ሰብለ ስለ መንገዱ አውርታ አታውቅም። ባሏ ዮናስ እናትና ልጅን አስቀድሞ ልኮ፣ እከተላችኋለሁ ብሎ ቀርቶ ነው፤ አልተከተለም፤ ኋላ መርዶው መጣ። ስሙ በቤታችን አይነሳም ነበር፤ እሷን እፈራ ነበር። ያን ቀን ግን እጇን ወደ ቦርሳው ሰደደች፣ ዘገነች፣ «ዮናስ» አለች። ከዚያ ለልጇ «አዎ ሮጫለሁ። አንቺን ይዤ ነው የሮጥኩት። ሁሉን ጣልኩ፣ አንቺን አልጣልኩም» አለቻት። ሦስታችንም አለቀስን፤ አልዋሻችሁም። ግን ያ ልቅሶ የሚያኮራ ልቅሶ ነው፣ ቀና ብለው የሚያለቅሱት።

«እኔስ ማንን ልጥራ?» አለች ሊድያ።

«ደስታን ውሰጂ» አልኳት። ያን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤዋለሁ። ስሰጣት ከእጄ አንድ ነገር የወጣ ያህል ቀለለኝ፤ ደስ የሚል ቅለት። እኔ የእናቴን ስም ጠርቼ ዘገንኩ፤ እሷም ያኔ በሕይወት አልነበረችማ።

ዓርብ ዕለት «ሾሾ፣ ነይ» አለችኝ። ያቺ ፍራይዴይ አሞኛል ያለችው። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ልጆቹ ተራ በተራ ተነሱ፤ አንዱ አያቱ ወታደር፣ አንዷ አክስቷ ሯጭ። ሊድያ ያን ቦርሳ ይዛ ቆመች። በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ የያዝኩት «አስካለ» እና «ደስታ» የሚለውን ነው። ግን ፊቷን አየሁ፤ እናቴ ለቀበሌው ሰው «ቆሎም ተዛወረ እንዴ» ስትለው የነበረው ፊት ነው። መጨረሻ ላይ ቦርሳውን ከፍታ በየወንበሩ ዞረች። «ዝገኑ፣ ያልተመለሰ ሰው ስም ጥሩ» ማለቷ ነው። ቲቸር ዋንጂኩ መጀመሪያ ዘገነች፣ ለነፃነታቸው ሊዋጋ ጫካ ገብቶ የቀረ አያቷን ጠራች፣ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ልጆቹ ተከተሉ።

ሜርሲ ጋ ሲደርስ ልጅቷ እፍኟን ይዛ ቀረች። አትበላም፣ ስም አትጠራም። ኋላ ሊድያ እንደነገረችኝ «እኔ ስም የለኝም፣ ማንም አልነገረኝም» ነው ያለችው። ያቺ «ሹጃ አይሸሽም» ያለቻት እኮ ናት። እኔ ብሆን እንጃ፣ በልጅነት ቁጣዬ ቆሎውን ነበር የምቀማት። ሊድያ ግን ምን አለቻት? «ደስታን አበድርሻለሁ። ግን ትመልሺዋለሽ።» ሜርሲም «ደስታ» ብላ በላች። «ዴስታ፣ ዴስታ» እያለች አንደበቷ እየተያዘ። የእናቴ ወንድም፣ ጢም ያላወጣው ልጅ፣ ናይሮቢ ላይ በኪኩዩ ልጅ አፍ ተጠራ። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ማንም ቁሚ አላለኝም። እንዲህ ነው መቆም።

ወራቱ አለፈ፣ እውነተኛው ሚያዝያ ሃያ ሰባት መጣ። ሊድያ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሜርሲ ናት፣ በዩኒፎርሟ፤ ሊድያ ቀኑን ነግራታለች።

«ሾሾ፣ ደስታን ልመልስ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ ሊድያ እየተረጎመችልኝ።

ለካ ልጅቷ ቤቷ ገብታ እናቷን ስትነዘንዝ፣ እናቷ የራሷን እናት ስትነዘንዝ ከርመው፣ ያ ሁሉ ዓመት በቤታቸው ያልተነሳ የአያቷ ወንድም ተገኘ። ሙዋንጊ ይባላል። እሱም ሄዶ ያልተመለሰ። ዘገነችና «ሙዋንጊ» አለች፣ አፏን ሞልታ። ከዚያ እስከ ቀትር የሚበቃትን በኪሷ ጨመረችና «ግን ባለፈው በኦክቶበር ነበር፣ ለምን ዛሬ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ መልስ እያዘጋጀሁ፣ ንጉሡን፣ ደርጉን፣ ያን ሁሉ ልጀምርላት ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ሊድያ ቀደመችኝ፤ «ያ የሾሾ ትእዛዝ ነበር። ዛሬ ግን ቅድመ አያቴ መንገድ ላይ የቆመችበት ቀን ነው» አለቻት። ሁለቱም ቆሎ እየቆረጠሙ ደረጃውን ወረዱ። እኔ በራፉ ላይ ቀረሁ፣ በኩራት ሆዴ እስኪሞላ። መምህሬ ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ነበር «ጎበዞች» ማለት የነበረበት።

እንግዲህ ጨዋታዬ ይኸው ነው። ቀኑን ለልጅ ብትነግሩት ሶዳውን ጠጥቶ ይተኛል፤ ስም ብትሰጡት ግን ይዞት ይዞራል።

«ታዲያ እማማ» አለች ትዕግስት፣ «ዘንድሮ ለልጆቹ ገብስ እንግዛ? ሶዳው ይቅር?»

«ኧረ ከቀትር በኋላ ይጠጡት፤ እኔ ደርግ አይደለሁም» አሉ እማማ ብርቄ እየሳቁ። «ስም የሌለው ልጅ ካለ ግን ወደ ሊድያ ላኩት፤ ታበድረዋለች።»